የቨርሊን እሑድ

«ይሄ ልክ አይደለም፤» አለች እናቷ ጣቷን ደብተሩ ላይ አሳርፋ። «በዘጠኝ ሰዓት ፎጣውን እዚህ ዛፍ ሥር ካነጠፍሽለት ሰውዬው ተቃጠለልሽ። በዚያ ሰዓት ጥላው ወደ ግራ ሄዷል።»

ኬዝያ የጻፈችውን ሰርዛ አስተካከለች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርታቸው ሚስ ፊልበርት የሰጠቻቸው የቤት ሥራ ነው። ወደ አንቲጓ ለሚመጣ አንድ እንግዳ የአንድ ቀን የባሕር ዳርቻ ዕረፍት አቅዱ፤ ምግቡም ጨዋታውም የደሴታችን ይሁን፣ ይላል። የክፍሉ ልጆች በሙሉ እንግዳቸውን ከለንደን ወይም ከቶሮንቶ አምጥተዋል። የኬዝያም እንግዳ ሚስተር ጆንሰን ይባላል። ቦርጫም፣ ፀሐይ ቶሎ የሚያቀላው፣ የቀረበለትን ሁሉ የሚበላ ሰው አድርጋ ነው የሣለችው።

«ፔሊካን ወፎቹንም ጠዋት ነው ያልሽው፤» እናቷ ቀጠለች። «ጠዋት የሉም። አስር ሰዓት ገደማ ከድንጋዮቹ በኩል ይመጡና እንደተወረወረ ነገር ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላሉ። አሸዋውም በስተቀኝ ዛጎል ስላለበት እግር ይወጋል። በግራ አድርጊው።»

«ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅሽ?»

«ከመስኮት ነዋ። ሃያ ሁለት ቁጥር አልጋ ሳነጥፍ ዛፎቹ ፊት ለፊቴ ናቸው። አስራ አራት ቁጥር ስገባ ደግሞ ድንጋዮቹ ይታዩኛል።»

እናቷ ቨርሊን ከመንደራቸው ከሆሬብ በታች ባለው ሆቴል ክፍል ማጽዳት ከጀመረች አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ኬዝያ ቀና ብላ አየቻት።

«ውሃው ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገባሽው መቼ ነው?»

ቨርሊን የሥራ ልብሷን ከወንበሩ ላይ አንስታ ካውያው ወዳለበት ሄደች። «አንቺ ሳትወለጂ፤» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «የሆቴሉ አጥርም ሳይሠራ።»

ሆሬብ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ባሕሩ ከየቤቱ ደጃፍ ይታያል። ወርዶ መንካት ነው ችግሩ፤ ከሥር ያለውን ዳርቻ ሆቴሉ አጥሮታል። ሌላ ዳርቻ ለመሄድ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ያስፈልጋል፤ እሑድ ደግሞ አውቶቡስ የለም ማለት ይቻላል። በፋሲካ ማግስት የደሴቲቱ ሰው በሙሉ ድስቱን ተሸክሞ ወደ ባሕር ሲወርድ ሆቴሉ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ቨርሊን ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር እንደዚያው ነው።

ኬዝያ ላጲሷን ፈለገች። ሚስተር ጆንሰንን ከነቦርጩ አጠፋችው። በቦታው «ቨርሊን ሳሙኤል» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቁ ነገሩን ለጓደኛዋ ለታሚሻ ነገረቻት።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» አለች ታሚሻ። «እንግዳ ማለት እኮ ከውጭ የመጣ ሰው ነው።»

«እዚያ ዳርቻ ላይ እማ ከእንግዳም የባሰች እንግዳ ናት። ደግሞ በወረቀት ብቻ አይደለም። እውነቴን ነው፣ እወስዳታለሁ።»

ታሚሻ ከዓመት በፊት ለትምህርት ቤቱ በውሃ ዋና ሜዳሊያ ያመጣች ረጅም ልጅ ናት። አንድ ነገር አይቻልም ሲባል መስማት አትወድም። «በየት በኩል ልታስገቢያት? በአጥሩ ላይ?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ቆይ፣ አጎቴ ኤቨርተን አይደል እንዴ በሩ ላይ የሚቆመው? እኔ እነግረዋለሁ። ለኔ ተይው።»

ከሦስት ቀን በኋላ በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጣች። «አለቀ! ፈቅደዋል።»

«ማን?»

«ከላይ ያሉት ናቸዋ። አጎቴ ነው የጨረሰው። እሑድ በሩ ይከፈትላችኋል።»

ኬዝያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ታሚሻም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ኬዝያ ያኔ ልብ አላለችውም።

ሚስ ፊልበርት ዕቅዱን አይታ መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «ይቺ ሴትዮ ከውጭ የመጣች አይደለችም።»

«አይደለችም ሚስ።»

«ነጥብ ሊቀነስብሽ ይችላል።»

«ይቀነስ ሚስ።»

የከበደው ቨርሊንን ማሳመኑ ነበር። መጀመሪያ «አልሰማሁሽም» አለች። ቀጥላ «ያን ቀን መጋረጃ ላጥብ ነው» አለች። ኬዝያ ተስፋ ሳትቆርጥ ቆማ ዕቅዱን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«አራት ሰዓት፣ መድረስ። አራት ሰዓት ከሩብ፣ ምንም አለመሥራት።»

«ምን አልሽ?»

«ምንም አለመሥራት። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል።»

ቨርሊን ሳቋ አመለጣት። ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ ሳቀች። በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ታሚሻም ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። «እሱን ደግሞ እንዴት ነው የሚሠሩት?» አለች ቨርሊን እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «አስተማሪ ያስፈልገኛል።»

በማግስቱ ይህንኑ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አወራችው። የማጠቢያው ኃላፊ እትዬ ዶርካስ ሰሙ። እሳቸው ሰሙ ማለት ሁሉም ሰማ ማለት ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ እሳቸውንና ቨርሊንን ጨምሮ አምስት ሴቶች ተራቸውን ተቀያይረው፣ አንዷ የአንዷን ቅዳሜ ወስዳ፣ እሑድን ነፃ አደረጉ። ከዚያ ስለ ምግቡ ክርክር ተነሣ። ፔፐርፖቱን፣ የጎመንና የባሚያውን ወጥ፣ ማን ይሥራ? እትዬ ዶርካስ ነገሩን ባጭሩ ቆረጡት። የሌላ ሰው ጎመንና ባሚያ አንድ ድስት ውስጥ ሲገባ እንደሚጣላ፣ የሳቸው ግን ተስማምቶ እንደሚኖር ተናገሩ። ቨርሊን ዱካና ልትሠራ ሆነ። ስኳር ድንችና ኮኮናት ፍቃ፣ በቅመም አሽታ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ትቀቅላለች። የበቆሎ ገንፎውን እዚያው ዳርቻው ላይ ማገንፋቱ ለኬዝያ ተሰጣት።

«ከጓጎለብሽ ለዘላለም ይወራብሻል፤» አሏት እትዬ ዶርካስ።

እሑድ የጠዋቱን ጸሎት ጨርሰው ኮረብታውን ወረዱ። አምስቱ ሴቶችና ሁለቱ ልጆች፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ቅርጫት፣ የዝንጅብል መጠጥ የተሞላ ጀሪካን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እትዬ ዶርካስ በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው የያዙት የዋሪ ገበጣቸው። ቨርሊን ኬዝያ አይታው የማታውቀው ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። መንገዱን ሁሉ ታወራ ነበር። ታሚሻ ግን ከኋላ ቀርታ ድንጋይ እየለጋች ትመጣለች።

የብረቱ በር ተዘግቷል። በላዩ ላይ «ለሆቴሉ እንግዶች ብቻ» የሚል ሰሌዳ አለ። ጋሽ ኤቨርተን በጥበቃ ልብሳቸው ከጎጇቸው ወጡ። እነዚህን ሁሉ ሴቶችና ድስቶች ሲያዩ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

«ቨርሊን? ዛሬ ዕረፍትሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ድስቱ ምንድን ነው?»

ኬዝያ ዞር ብላ ታሚሻን ፈለገቻት። ታሚሻ የጫማዋን ክር እያየች ነው። ክሩ አልተፈታም።

«ፈቃድ ተሰጥቶናል ተብለን ነው የመጣነው፤» አሉ እትዬ ዶርካስ።

«እኔ የሰማሁት የለም። ማን ነው የፈቀደው?» ጋሽ ኤቨርተን ተጨነቁ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ከቨርሊን ኋላ ቆመው የሚዘምሩ ናቸው። «ማን ነው ለናንተ የነገራችሁ?»

ሁሉም ወደ ኬዝያ ዞሩ። ዕቅዱ የሷ ነውና። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ታሚሻ ብትል፣ ሁሉም ዓይን ከሷ ላይ ተነሥቶ እዚያ ላይ ያርፋል። ኬዝያ ተናድዳለች፤ ጆሮዋ ድረስ ነው የጋለችው። ግን ያንን ሁሉ ዓይን ለሌላ ሰው አሳልፋ መስጠት አልሆነላትም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤» አለች። «በደንብ ሳላጣራ ነው ያመጣኋችሁ።»

ኬዝያ እናቷን አየች። ቨርሊን መንገዱን ሁሉ ሲስቅ የነበረ ፊቷን አውልቃ ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስትወጣ የምታደርገውን ፊት አጠለቀች፤ ጸጥ ያለ፣ ጨዋ፣ ምንም የማይጠይቅ ፊት።

«ግድ የለም የኔ ልጅ፤» አለች ቅርጫቷን እያነሣች። «ጓሯችን ውስጥ እንበላዋለን። ዛፍ እዚያም አለ።»

ብታለቅስ ወይም ብትቆጣ ይሻል ነበር። እንደለመደችው ነገር፣ እንዲህ በቀላሉ ማለቷ ነው ኬዝያን ያንገበገባት።

«ጋሽ ኤቨርተን፣» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ዳርቻው የማን ነው?»

«ዳርቻው?»

«አሸዋውና ውሃው። የማን ነው?»

ጋሽ ኤቨርተን ወደ ሆቴሉ አዩ፤ ከዚያ ወደ እትዬ ዶርካስ። «የሁሉም ነው። በዚህ ደሴት ዳርቻ የግል የሚሆን የለም፤ ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ይሄ መሬት የሆቴሉ ነው፤ በሩም የሆቴሉ ነው። እኔ በሩን ክፈት ካልተባልኩ አልከፍትም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና አጥሩ ቁልቁል ወርዶ ድንጋዮቹ ጋ ወደሚያልቅበት አቅጣጫ አንገታቸውን ዘወር አደረጉ። «የምጠብቀው በሩን ነው። ባሕሩን ጠብቅ ያለኝ ሰው የለም።»

ከዚያም የሚሠሩት ነገር እንዳለባቸው ሁሉ ወደ ጎጇቸው ገቡ።

ዓሣ አጥማጆች የሚወርዱባት ቀጭን መንገድ በእሾሁ መካከል እስከ ድንጋዮቹ ትደርሳለች። ከድንጋዮቹ ማዶ አሸዋው ነው። በመካከሉ ከአርባ እርምጃ የማይበልጥ ውሃ አለ፤ ጥልቀቱ ወገብ ድረስ ነው። ሰባቱም ዳር ላይ ቆመው አዩት።

«እኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤» አሉ እትዬ ዶርካስ። «ሠላሳ ዓመት የሰው አንሶላ ሳጥብ ስረጥብ ኖሬአለሁ። ዛሬ ለራሴ ብረጥብ ምን ይለኛል?» የፔፐርፖቱን ድስት ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ፤ ገበጣውን ለአንዷ አቀበሉና ገቡ።

ታሚሻ ሳትጠየቅ ቀድማ ዘልላ ነበር። ከፊት እየዋኘች የውሃውን ወለል በእግሯ እየዳሰሰች ትጮኻለች፤ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ በግራ! እትዬ ዶርካስ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ቀስ ይበሉ!» ሴቶቹ አንድ በአንድ ተከተሉ። አንዷ ቀዘቀዘኝ ብላ ጮኸች፤ ሌላዋ አፍሽን ዝጊ ጨው ይገባብሻል አለቻት።

ቨርሊን ብቻ ድንጋዩ ላይ ቀረች። ኬዝያ ከጎኗ ቆመች።

«ሰኞስ?» አለች እናቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰኞ ሥራ ስገባ ምን እላለሁ?»

ኬዝያ የእናቷን ክንድ ያዘች። «አላውቅም እማ፤» አለች። «እኔ የማውቀው ዕቅዱ ላይ አራት ሰዓት መድረስ እንደሚል ነው። አሁን አራት ከሃያ ሆኗል።»

«አራት ከሃያ?» ቨርሊን በአስራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ውሃውን አየች፤ ማዶ የደረሱትን ሴቶች አየች። «ዘግይተናላ!» አለችና የቢጫ ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወረደች።

እትዬ ዶርካስ ማዶ ቆመው የድስቱን ክዳን በማንኪያ እየደበደቡ ተቀበሏት። ክዳኑ በካርኒቫል ሰልፍ ላይ እንደሚመታ ብረት ጮኸ። ረጃጅም ወንበሮች ላይ የተጋደሙት የሆቴሉ እንግዶች አንድ በአንድ ቀና አሉ። ሰባት ሴቶች ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ድስታቸውን ተሸክመው፣ በዳርቻው ላይ ወደ ግራ ሄዱ። ዛጎል ወደሌለበት፣ በዘጠኝ ሰዓት ጥላ ወደሚሆንበት።

ምንም አለመሥራቱ በእውነትም ከባድ ሆነ። ቨርሊን አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ተነሣች። እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ እጇ ተዘርግቶ በአጠገቧ ካለ ባዶ ወንበር ላይ የተጨማደደ የእንግዳ ፎጣ ማጠፍ ጀመረ።

«እማ!»

«እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው!»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እትዬ ዶርካስ «አምጪ» ብለው ሁለት እጇን በአሸዋ ቀበሩባት። ቨርሊን እንደዚያ እጇ ተቀብሮ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት እያየች፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። በአስራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወት በመካከላቸው አልነበረም። ብዙ ቆየች። ኬዝያ ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት እስክታነድ፣ ባሚያ የተቀቀለበትን ውሃ እስክታፈላ፣ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እስክትጨምር ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

ገንፎው አልጓጎለም። ኬዝያ ክንዷ እስኪዝል አማሰለችው፤ በቅቤ በተቀባ ጎድጓዳ ሳህን እያሽከረከረች ክብ ክብ አድርጋ አወጣችው። እትዬ ዶርካስ አንዱን በጣታቸው ተጫን አደረጉና «እህ» አሉ። ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሽታው ደግሞ አጥር አያውቅም። መጀመሪያ ሁለት ሕፃናት መጡ፤ ከዚያ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት። ኬዝያ አታውቃቸውም፤ እናቷ ግን እጇን ከአሸዋው አወጣች።

«ቨርሊን! አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ሚስስ ሃላም፤» አለች ቨርሊን። ለኬዝያም «አስራ አራት ቁጥር ናቸው» አለቻት።

«ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስመላለስ ባሕር ዳር አይቼሽ አላውቅም።»

«እኔም ራሴን አይቼ አላውቅም ሚስስ ሃላም። ይቀመጡ። ገንፎ ይበላሉ?»

ተቀመጡ፤ በሉም። ባልዬው ሊወስዷቸው መጥተው እሳቸውም ቁጭ አሉ። እትዬ ዶርካስ ገበጣቸውን ፈትተው በየጉድጓዱ አራት አራት ፍሬ ጣሉበትና ሰውየውን እንዲጫወቱ ጋበዟቸው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፍሬ በፍሬ አራቆቷቸው። ሰውየው «እንደገና» አሉ። እንደገና አራቆቷቸው። ዙሪያቸው ሰው ተሰበሰበ።

ያኔ ነው የዕለቱ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ዳንቨርስ የተወለወለ ጫማው አሸዋ እየዋጠበት የመጣው። ወጣት ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመቱ። ከቨርሊን ፊት ለፊት ቆመ። ኬዝያ የማማሰያውን እንጨት እንደያዘች ደረቀች።

«ሚስ ቨርሊን፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ቦታ ለእንግዶች መሆኑን ታውቂያለሽ። ሠራተኛ እዚህ አይቀመጥም።»

ኬዝያ የእናቷን ፊት ጠበቀች፤ ያንን ጸጥ ያለ የሥራ ፊት። አልመጣም። ቨርሊን ቀስ ብላ ተነሣች። ቀሚሷ ከጭኗ በታች እንደረጠበ ነው፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አሸዋ ነው።

«ዛሬ ሠራተኛ አይደለሁም ሚስተር ዳንቨርስ። ዛሬ ዕረፍቴ ነው።»

«ይገባኛል፣ ግን—»

«በርዎን አልነካሁም። በባሕሩ ነው የመጣሁት። ባሕሩ የርስዎ ነው?»

«አይደለም።»

«አሸዋውስ?»

ሚስተር ዳንቨርስ ወደ እንግዶቹ አየ። ሚስስ ሃላም አፋቸው ሙሉ እንደሆነ ትኩር ብለው እያዩት ነው። «በዚህ ጉዳይ ሰኞ እንነጋገራለን፤» አለ።

«እንነጋገራለን። እኔም የምለው አለኝ። በሩ ላይ ስላለው ሰሌዳ።» ቨርሊን ድምፅዋን አላነሣችም፤ ግን አንድም ቃል አልተንቀጠቀጠባትም። «አንድ ሰዓት ላይ አለሁ። አርፍጄ አላውቅም።»

«እኔም እመጣለሁ፤» አሉ ሚስስ ሃላም አፋቸውን ጠርገው። «ወንበር ሁለት ይዘጋጅ።»

ሥራ አስኪያጁ መሄድም መቆምም አቃተው። ቨርሊን ጎንበስ ብላ ከቅርጫቱ በቅጠል የተጠቀለለ ዱካና አወጣችና እጁ ላይ አደረገችለት። «ትኩስ ነው፤ ቀስ ብለው ይፍቱት። አሁን ግን ትንሽ ወደዚያ ቢሉልን፣ ፀሐዩን ሳይሆን ባሕሩን ነው የጋረዱን።»

ሚስተር ዳንቨርስ ዱካናውን እንደያዘ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቅጠሉን ሲፈታ ሁሉም አዩት። እትዬ ዶርካስ የድስቱን ክዳን አነሡና አንድ ጊዜ ብቻ መቱት፤ ዳርቻው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ኬዝያ እናቷን አቀፈቻት። የቨርሊን ልብ እንደ ከበሮ ሲመታ ተሰማት። ትፈራ ነበር ለካ፤ ቆማ ስትናገር በሙሉ ስትፈራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ለሰለሰ። ቨርሊን እስከ ደረቷ ገብታ ከዚያ አልፈልግም አለች።

«መንሳፈፍ ቀላል ነው፤» አለች ታሚሻ። ቀኑን ሙሉ ሰው ያልጠየቃትን ሥራ ስትሠራ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ነው የዋለችው። «እኔ ከሥር እይዝዎታለሁ። ጀርባዎን ይስጡኝ፤ ጆሮዎ ውሃ ውስጥ ይግባ። አይፍሩ።»

ቨርሊን ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስት ጊዜ እንደ ድመት ተንደፋደፈች። በአራተኛው እግሯ ከወለሉ ተነሣ። ታሚሻ ሁለት እጇን ከጀርባዋ ሥር አድርጋ ቆመች። ኬዝያ በአጠገባቸው ነበረች። የታሚሻ ዓይን እንባ ሲሞላ አየች።

«እትዬ ቨርሊን፣ ፈቃዱን እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«ምን?»

«አጎቴን አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ነበር፤ ነገ ነገ ስል ቀረ። ለኬዝያ ጨርሻለሁ አልኳት። ከዚያ እርስዎ ወጥ ቤት ውስጥ ሲስቁ አየሁ፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻልኩም።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» ቨርሊን ወደ ሰማይ እያየች ጮኸች። «ተንጋልዬ? እጅሽን እንዳትለቂ ብቻ!»

«እትዬ ቨርሊን...»

«እንዳትለቂ አልኩ!»

«ለቅቄአለሁ እኮ፤» አለች ታሚሻ። «ከቅድም ጀምሮ።»

ሁለት እጇን ከውሃው አውጥታ አሳየች። ቨርሊን አየቻቸው። ቢጫው ቀሚስ በዙሪያዋ ተዘርግቶ፣ ማንም ሳይዛት ባሕሩ ላይ ተንጋላ ነበር። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል አልነበረም። ከዳር እትዬ ዶርካስ የሰሙት፣ ሚስስ ሃላም ባርኔጣቸውን አውልቀው ያውለበለቡለት ረጅም የደስታ ጩኸት ነበር። ጨዋማ ውሃ ዋጠች፤ ሳለች፤ ሰጠመች። ተነሣችና «እንደገና!» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ኤቨርተን የብረቱን በር ከውስጥ ከፍተው ቆመው ነበር። «መግባት እንጂ መውጣት አልተከለከለም፤» አሉ የማንንም ዓይን ሳያዩ። ከተተወላቸው ገንፎ አንድ ሳህን ተቀበሉ። ቨርሊን ስታልፍ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ነገ የምትናገረውን ከአሁኑ እያጠናች እንደሆነ ኬዝያ ገባት።

ታሚሻ ከሁሉም ኋላ ትልቁን ባዶ ድስት ብቻዋን ታቅፋ ትመጣለች። ኬዝያ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ረጅም የወቀሳ ንግግር ምላሷ ላይ ይዛ ነበር። በጣም ጥሩ ንግግር ነው፤ ገንፎውን ስታማስል እያረመች ያሳመረችው። ቆመችና ጓደኛዋ እስክትደርስ ጠበቀች።

ታሚሻ ደርሳ ቆመች። የሚመጣባትን እየጠበቀች አንገቷን ደፋች።

ኬዝያ የድስቱን አንዱን ጆሮ ያዘች።

«ነገ አውቶቡስ ላይ ቦታ ያዥልኝ፤» አለች።

ታሚሻ ሌላውን ጆሮ ጠበቅ አደረገች። ድስቱን በመካከላቸው አንጠልጥለው ኮረብታውን ጀመሩት። ከፊታቸው ቨርሊን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ክንዷ ላይ የደረቀውን ጨው እየዳበሰች ትወጣለች። አትቸኩልም ነበር።